ድምፅ የሌላት ቮልስ

እሑድ ግንቦት አራት ቀን 2011፣ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አባ ወልደ ሩፋኤል ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሲያዘግሙ ከአስፋልቱ መታጠፊያ በታች አንዲት ቢጫ ቮልስ ቋጥኝ ላይ ተደፍታ አዩ። ጠጋ ሲሉ ውስጧ ሰው አለ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ራሱ በደም ተጨማልቋል። ኢንጂነር ዘመኑ ነበር። ከሞተ አድሯል።

ኢንስፔክተር ውባንተ ከላሊበላ በፖሊስ ፒካፕ እስኪደርስ ድረስ ግማሹ ከተማ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው።

"የኤሌክትሪክ መኪና ብሎ ነገር! ይኸው በላችው።"

"መኪናዋ ምን ታድርግ? ያ መካኒኩ ያሲር ነው እንጂ! ትናንት 'በዚህ ፍሬን ትሞታለህ' ሲለው በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"እኔም ሰምቻለሁ።"

"ሁላችንም ሰምተናል!"

ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ሲናገር ውባንተ ይጠራጠራል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ስምምነት ያየው ወይ ሠርግ ቤት ነው፣ ወይ ደግሞ ሰዎቹ ሲሳሳቱ ነው። ቁልቁል ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሹምሸሃ ሜዳ ወደ ላሊበላ በሚወጣው አስፋልት ላይ የመኪና ዳገት ውድድር ተሰናድቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ እንጀራቸው ሌላ ነው። ነጋዴ አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ፣ አስተማሪ አለ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ሁሉም መኪና ካላስጓሩ አያርፉም። ቅዳሜ ልምምድና ሰዓት መያዝ፣ እሑድ ዋናው ውድድር። የላሊበላው ተወላጅ ዘመኑ የመጣው የቮልሷን ሞተር አውልቆ፣ ከዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የወጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጥሞ፣ የኋላ ወንበሯን በባትሪ ሞልቶ ነው። ተሳቀበት። "የባትሪ ድንጋይዋን ስትጨርስ ፀሐይ ላይ አስጣት!" ተባለ።

ያች ሚስኪን ቮልስ ግን ሁሉንም በአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ቀደመች። በዚህ ከፍታ ላይ የቤንዚን ሞተር አየር ያጥረዋል፤ እንደ ፈረንጅ ቱሪስት እያለከለከ ነው የሚወጣው። የኤሌክትሪኩ አየር ምን ያደርግለታል? እግር ሲረገጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነሳል፤ ያውም ድምፅ ሳያሰማ። ጎማ አስፋልት ሲልስ ከመሰማቱ በቀር ምንም የለም። በዚያች አንድ ቀን ዘመኑ ብዙ ወዳጅና ብዙ ጠላት አፈራ።

"ኢንስፔክተር፣ እስቲ መሪውን እዩልኝ" አለ የፖሊስ ሹፌሩ ሳጅን አረጋ፣ በተሰበረው መስኮት አንገቱን አስግጎ። መሪው ወደ ውስጥ ታጥፏል። አንድ ከባድ ነገር በኃይል ገፍቶታል። "ማርሹ ደግሞ ፎሌ ላይ ነው።"

ፎሌ ማለት ማርሹ ወጥቶ ሞተርና ጎማ የማይገናኙበት ነው። ውባንተ ሁለቱንም ጻፈ። አረጋ የፊቱን ጎማ ሲያወልቅ የፍሬኑ ሸራ ከስሎ እጁ ላይ ተፈረፈረ።

ከላይ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ጋሽ ሙሉሃብት ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። የሟቹ አጎት ናቸው፤ አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከደሴ ወገል ጤና በከባድ መኪና የተመላለሱ፣ በአገሩ የተከበሩ ሹፌር ነበሩ። በውድድሩም ዳገቱ አፋፍ ላይ የመጨረሻውን ባንዲራ የያዙት እሳቸው ናቸው።

"ብቻውን ነው የወረደው" አሉ። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ የውድድሩ ድንኳን ውስጥ ሲጨቃጨቅ። ባንዲራዬን እንደያዝኩ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዛሬው ውድድር መነሻው ላይ ሹምሸሃ ያደረ መስሎን አልፈለግነውም።"

"እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሽ ሙሉሃብት" አለ ውባንተ።

*

ያሲር ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ታሰረ። ያሰሩት ከሕዝቡ ቁጣ ለማዳንም ጭምር ነው። የጣቢያው አዛዥ ቃላቸው አጭር ነበር።

"አርባ ስምንት ሰዓት አለህ፣ ውባንተ። ማክሰኞ ጧት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሆን ብሎ ፍሬን በማበላሸት ሰው መግደል። የሟች እናት የምትለውን ሰምተሃል?"

ሰምቷል። እማማ አመተ ጊዮርጊስ ጣቢያው በር ድረስ መጥተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "የልጄን ደም የጠጣ ውኃ አይጠጣ!" ብለው ረግመዋል። የሐዘንተኛ እናት እርግማን በላስታ ቀልድ አይደለም። ያሲር ቢፈታ እንኳ ይህን ተሸክሞ የት ይኖራል?

ያሲር ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ በግሪስ የጠቆሩ፣ ዓይኖቹ ያበጡ። ረመዳን ስለሆነ ጾም ላይ ነው።

"ትሞታለህ ብለሃል?"

"ብያለሁ።"

"ለምን?"

"ስለምወደው ነዋ፣ ኢንስፔክተር!" ያሲር ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ፍሬኗ የድሮው ነው። ባትሪው ሲጫንባት ክብደቷ ጨመረ። ትልቁ ፍሬን ከኮምቦልቻ አልደረሰም። ሦስት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል፤ ዛሬ ይብቃህ አልኩት። ጾም ላይ ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ አምባረቅኩበት። ከዚያ ወደ ቤት ሄድኩ።"

"አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማን አየህ?"

"ማንም። ሚስቴ ዙልፋ ገበያ ነበረች። ተኛሁ።"

ውባንተ በሆዱ ተሳደበ። የተኛ ሰው ምን ምስክር አለው?

*

ዶክተር ሰብሌ አስከሬኑን መርምራ ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ነበር።

"የሞተው በጭንቅላቱ ጉዳት ነው። ቀኝ ጎኑ፣ ከጆሮው በላይ።"

"ደረቱስ? መሪው ታጥፏል እኮ።"

"ደረቱ ንጹህ ነው። አንድ ጭረት የለበትም።"

ውባንተ እርሳሱን አቆመ። "እርግጠኛ ነሽ?"

"የጎድን አጥንት መቁጠር አልረሳሁም፣ ኢንስፔክተር።" ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። "ሌላም አለ። ወዲያው አልሞተም። በጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰው ደም አንድ ሰዓት ያህል ወስዷል። ቶሎ ቢደረስለት... ብቻ ምን ይደረጋል።"

ውጭ ሲወጣ አረጋን እንዲህ አለው፦ "ዘመኑ በቀኙ ነው የተመታ፤ የሹፌሩ ወንበር ግራ ነው። መሪውን ያጠፈው የሌላ ሰው ደረት ነው። ሌላ ሰው ሲነዳ ዘመኑ ከጎኑ ነበር። ከተጋጩ በኋላ አንሥቶ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠው።"

"ታዲያ ያሲር ነጻ ነዋ!"

ያሲርን ሸሚዙን አስወለቁት። ደረቱ ሰላም ነው። አዛዡ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፍሬኑን ያበላሸ ሰው የግድ አብሮ አይወርድም። የነዳው ማን እንደሆነ ስም አምጣልኝ፤ ያኔ እንነጋገራለን።"

"እንግዲህ የላሊበላን ደረት ሁሉ ልንገልጥ ነው" አለ አረጋ።

*

የመጀመሪያው ደረት የደሳለ ሆነ። ደሳለ የአስጎብኚ መኪኖች ያሉት፣ የራሱን መኪና እንደ ሙሽራ የሚያጥብ ሰው ነው። ቮልሷ ስትቀድመው፣ "ይቺን የልጅ መጫወቻ ካላጠፋኋት!" ብሎ ምሏል። ደግሞ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እሱም መኪናውም ውድድሩ ቦታ አልነበሩም።

"የት ነበርክ?"

"ሥራ ነበረኝ።"

"ምን ሥራ?"

"የግል።"

"ሸሚዝህን ክፈት።"

"ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?"

"ደሳለ፣ ወይ ሸሚዝህን ወይ አፍህን ክፈት።"

አፉን ከፈተ፤ ያውም እያፈረ። ወደ ነአኩቶ ለአብ ሄዶ በጀሪካን ጠበል አስቀድቶ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሯል። "ሞተሬ በዳገቱ እየጋለ አስቸገረኝ። ለማንም እንዳትናገር፣ በማርያም።" ደረቱም ምንም አልነበረበትም።

አረጋ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። ውባንተ ግን ማረጋገጥ ነበረበትና ገዳሙ ድረስ ወረደ።

"እውነቱን ነው" አሉ አባ ወልደ ሩፋኤል። "ለሞተር ነው አላለኝም እንጂ! ለታመመ ነው ብሎኝ ነው የሰጠሁት። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስም እዚህ መኪናውን ከፍቶ ይጎረጉር ነበር።"

"አባታችን፣ ሌላ መኪና ሰምተዋል?"

"መኪና አልሰማሁም።" አመነቱ። "ሰው ግን ሰምቻለሁ። ከላይ መንገዱ ላይ ሁለት ወንዶች እየተነጋገሩ አለፉ። ኋላ አንዱ ጮኸ። ወሬያቸው ግን እንደ ነፋስ ነው ያለፈ፤ የሰው እግር እንዲያ አይሮጥም። ሰይጣን መስሎኝ አማተብኩና ገባሁ። የሚሸትም ነበር፣ የተቃጠለ ነገር።"

ድምፅ የሌላት መኪና። ሌላ መኪና ቢሆን ጩኸቱ ወሬያቸውን ይውጠው ነበር። እንግዲህ ሁለት ሰዎች መሆናቸው ተረጋገጠ፤ ጋሽ ሙሉሃብት ደግሞ ዘመኑን ብቻውን ሲሄድ አይተዋል። ምናልባት ሰውዬው ከመንገድ ተሳፍሮ ይሆናል፤ ውባንተ እንዲህ ብሎ ራሱን ለማሳመን ሞከረ። አልዋጥልህ አለው።

*

አመሻሽ ላይ ጣቢያው ሲመለስ የያሲር ሚስት ዙልፋ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሦስት ቴምር ታፈጥራለች። ለባሏ ያመጣችው የሾርባ ፔርሙዝ ጭኗ ላይ ነው፤ ተረኛው አላስገባ ብሏታል። ውባንተ ፔርሙዙን ራሱ ይዞላት ገባ።

ያሲር ሁለት ፉት ብሎ አስቀመጠው። ውባንተ የማስታወሻ ደብተሩን እያገላበጠ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "ማርሹ ፎሌ ላይ ነው የተገኘው። በግጭቱ ይወጣል እንዴ?"

ያሲር ብድግ አለ። "ፎሌ?"

"ፎሌ።"

"ዘመኑ በፎሌ? ወላሂ አይሞክራትም! ኢንስፔክተር፣ በዚያች መኪና ቁልቁለት ላይ የሚይዝህ ፍሬኑ አይደለም፣ ሞተሩ ነው። እግርህን ስታነሣ ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይጎትትሃል፤ የጎተተውንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሽቅብ የበላችውን ሲሶ ያህል ቁልቁል ትተካለች። ፎሌ ካደረግካት ሞተሩ ተለየ፣ ያቺ ሚጢጢ ፍሬን ብቻዋን ቀረች ማለት ነው። መታጠፊያው ጋ ሳትደርስ ትቃጠላለች!"

"ታዲያ መልሶ ማስገባት ነው።"

"ፍጥነት ላይ ሆና? ማርሹ ይንጫጫል እንጂ አይገባም።" ያሲር ግንባሩን ያዘ። "ላፕቶፔን አምጡልኝ። መኪናዋ ሁሉንም ትመዘግባለች።"

ላፕቶፑ መጣ፤ ከቮልሷ ከተነቀለችው ትንሽ ሳጥን ጋር ተገናኘ። ቅዳሜ በሦስቱም መውረጃ ወደ ባትሪው የተመለሰው ኃይል ከፍ ያለ መስመር ሠርቷል። በአራተኛው ላይ ገና ከአፋፉ ዜሮ ሆኖ እስከ መጨረሻው ዜሮ ነው።

"በእኛ አገር ፎሌ የሚወርድ ማነው?" አለ ያሲር።

"ናፍጣ የሚቆጥብ ሁሉ" አለ ከበሩ ላይ ሳጅን አረጋ። "እኔም እወርዳለሁ፤ አትቆጡኝ፣ ኢንስፔክተር። ማን አስተማረህ ቢሉኝ..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ውባንተ አየው።

"ማን አስተማረህ?"

አረጋ አንገቱን ደፋ። "ጋሽ ሙሉሃብት። ረዳታቸው ነበርኩ። የወገል ጤናን ቁልቁለት እንዳለ በፎሌ ነበር የሚወርዱት፤ ይኮሩበት ነበር እኮ።"

*

ሰኞ ጧት ውባንተ ልቅሶ ቤት ሄደ። ድንኳኑ ሞልቷል። አልቃሽ ስትገጥም ወንዱም ሴቱም ደረቱን እየደቃ ይነሣል። ከደሴ የመጣው የዘመኑ የሥራ ባልደረባ ሳይቀር ደረቱ ቀልቷል። ጋሽ ሙሉሃብት ብቻ ጋቢያቸውን ግጥም አድርገው፣ አንድ ክንዳቸውን ጎናቸው ላይ አጣብቀው፣ ሳይነቃነቁ ተቀምጠዋል።

"ሐዘኑ አድርቋቸው ነው" አለች አንዲት ሴት። "ከትናንት ጀምሮ አንዴ ደረታቸውን አልመቱም። ያሳደጉት ልጅ እኮ ነው!"

ውባንተ የታጠፈውን መሪ አሰበ። ተሳስቼ በሆነ ብሎ ከልቡ ተመኘ። ጠጋ ብሎ በጆሯቸው፣ "ጋሽ ሙሉሃብት፣ ቦታውን አንዴ ያሳዩኝ" አለ። "አረጋ ሥራ ላይ ነው። መኪናውን እርስዎ ይንዱልኝ።"

"መንጃ ፈቃዴ እኮ አልታደሰም። ዓይንህ ደክሟል ብለው ከለከሉኝ።"

"ፖሊስ አብሮዎት አለ።"

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቁ ነበር። ፒካፑ ውስጥ ሲገቡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ። አፋፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ቀኝ እጃቸው ራሱን ችሎ ወደ ማርሹ ሄደ። ሳይደርስበት ቆመ። ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ሞተሩ እያጓራ ቀስ ብለው ወረዱ።

"አረጋ በፎሌ ነው የሚወርዱት ብሎኝ ነበር" አለ ውባንተ።

"ዕድሜ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ መኪናውን አቆሙ።

"ጋቢዎን ያውልቁልኝ፣ ጋሼ።"

"የሽማግሌ ደረት ነው ማስረጃህ?" አሉ፣ ፊት ለፊት እያዩ። "ቀስ ብሎ የወረደ ሹፌር ነው ማስረጃህ? አሳፋሪ! በልቅሶዬ መሐል!"

ውባንተ እልህ ያዘው፤ ቢሆንም ድምፁን አላነሣም። "ልክ ነዎት፣ ያንሳል። ነገ ጧት ያሲር ነው ፍርድ ቤት የሚቆም። በሕይወት ያለ ሰው እዚያ ተጥሎ አንድ ሰዓት ሙሉ መማቀቁም በእሱ ነው የሚላከከው።"

"ምን አልክ?"

"ሐኪሟ ናት ያለችው። ዘመኑ አንድ ሰዓት ያህል ኖሯል።"

"ውሸት ነው! ሞቶ ነበር! እጄን አፍንጫው ላይ አድርጌ..."

ከገዳሙ በኩል ደወል ይሰማል።

"እጄን አፍንጫው ላይ አድርጌ ነበር" አሉ ደግመው፣ አሁን ለራሳቸው። "ትንፋሽ አጣሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር... ጌታ ሆይ። ምኑን አውቄ።"

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ቅዳሜ ልጁ በደስታ ሰክሮ ነበር። እሳቸው ናቸው እስቲ አንዴ ልያዛት ያሉት፤ ስድስት ዓመት መሪ አልነኩም። ገና ቁልቁለቱን ሲያዩ እጃቸው ለሠላሳ ዓመት የለመደውን አደረገ። ዘመኑ መጀመሪያ ሳቀ። "ጋሼ፣ ይቺ ናፍጣ የላት፤ ምን ሊቆጥቡ ነው? ይመልሱት እንጂ" አላቸው። እሳቸውም እያሳቁት ጥቂት ለቀቋት። ሊመልሱት ሲሉ ማርሹ አልገባ አለ። ፍሬኑ ሸተተ፣ ሄደ። ከዚያ ዘመኑ ጮኸ።

"ለምን አነሡት? ለምን ቦታው አስቀመጡት?"

"እህቴን ምን ልበላት? አንድ ልጅ ነው ያላት። እኔው አሳድጌ እኔው ገደልኩልሽ ልበላት?"

"ያሲርስ?"

"ወጣት ነው፣ ምንም የለበትም፣ ይለቁታል ብዬ..."

"ሚስቱ ትናንት ድንጋይ ላይ ነው ያፈጠረችው!" ውባንተ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። "እህትዎ በሕዝብ ፊት ሲረግሙት ቆመው ሰምተዋል! አምቡላንስ እኮ አፋፉ ላይ ቆማ ነበር፣ ጋሽ ሙሉሃብት! እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ለውድድሩ ቆማ ነበር!"

ሽማግሌው መሪው ላይ ግንባራቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ፣ "ሌላውን ራሴ እነግራታለሁ" አሉ። "ያን አንድ ሰዓት መኖሩን ግን አትንገራት። ለእሷ ስል ነው የምለምንህ።"

"የሐኪሟ ወረቀት መዝገብ ውስጥ ነው። ዛሬ ባይሰሙ ነገ ከሰው ይሰማሉ።"

ሽማግሌው መኪናውን አዞሩ።

ድንኳኑ ውስጥ አልቃሿ ዝም እንድትል በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ አልተቀመጡም። ታናሽ እህታቸው ፊት ተንበረከኩ። ጎናቸውን እያመማቸው በየመሐሉ እየቆሙ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ማን እንደነዳ፣ ማርሹን ማን እንዳወጣ፣ ማን አንሥቶ እንዳስቀመጠው። ውባንተ አጎንብሶ ያዳምጥ ነበር። ሰዓቱን እንደሚዘሉት እርግጠኛ ነበር። አልዘለሉትም።

"አልሞተም ነበር፣ አመተ ጊዮርጊስ። እኔ ጥዬው ስሄድ አልሞተም ነበር።"

እማማ አመተ ጊዮርጊስ ወንድማቸውን አዩዋቸው፤ አላለቀሱም።

"አምቡላንሷ የት ነበረች?"

"አፋፉ ላይ።"

"እዚያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ነው?"

"አምስት።"

ሴትየዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ከእሳቸው መለሱ። ዓይናቸው በሩ ላይ ኮፍያውን ይዞ የቆመውን ውባንተን አገኘው።

"ያሲር አሁንም እንደታሰረ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ታዲያ አንተን እዚህ ምን ይገትርሃል?"